መወርወሪያ የሌለው በር

አባቴ ቡችሎቹን ያመጣቸው በኮቱ ኪሶች ከትቶ ነው። ዳቦ ሊገዛ ወደ ዘነበ ሱቅ ወጥቶ ዳቦውን ረስቶ ተመለሰ። በረንዳው ላይ ቆሞ ጠራኝና ስወጣ፣ ከግራ ኪሱ ቡናማ፣ ከቀኝ ኪሱ ደግሞ ነጣ ያለ ጭንቅላት ብቅ ብሎ አየኝ። ያ ኮት በአስተማሪነቱ ዘመን ጠመኔ ይይዝበት የነበረው ነው። የኪሶቹ ጠርዝ ዛሬም ነጭ ዱቄት አያጣም፤ ቡናማዋ ቡችላ እሱን እየላሰች ነበር።

"ዘነበ አስቸገረኝ" አለ። "ለጥቂት ቀን ነው።"

ማንም እንዳላስቸገረው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ዘነበ ከጉራጌ አገር መጥቶ ቡርቃ ጃቶ፣ እኛ ሰፈር፣ ሱቅ የከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው። ልጁ መሲ ከአዲስ አበባ ያመጣቻት፣ ሰፈሩ "የፈረንጅ ውሻ" የሚላት ፀጉራም ትንሽ ውሻ አለችው። እሷ ስትወልድ ዘነበ እኛን ያስታወሰን፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ግቢያችን ድምፅ ስለሌለው ይመስለኛል። አባቴ ብዙ አይናገርም። እኔም እሱን ነው የወጣሁት። ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ነው የምሠራው፤ ተማሪዎቹ የምላቸውን ለመስማት ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ ያስጠጋሉ።

ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ቡናማዋን ጭኮ፣ ነጣ ያለውን በሶ አልኳቸው። አባቴ ስሞቹን ሲሰማ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ።

"ያው አንድ ገብስ ናቸው" አለ። "ልዩነቱ ቅቤው ነው።"

እውነቱን ነው፤ ጭኮ ሁልጊዜ ቅቤ የጠጣች ትመስል ነበር።

እኛ ቤት ውሻ አድጎ አያውቅም። እናቴ አሰገደች የኪራሙ ልጅ ናት፤ አያቶቿ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ለእሷ ውሻ የቤት ደፍ መርገጥ የለበትም። ውሻ የገባበት ቤት ጠበል አይረጭበትም ትል ነበር። አባቴ ጴንጤ ስለሆነ ስለ ጠበሉ አይጨነቅም፤ እሱ የሚጨነቀው ስለ ሥርዓት ነው። ውሻ ከግቢ ውጭ፣ ጫማ በረንዳ ላይ፣ ልጅ በሰዓቱ ቤት። ነቀምት ውስጥ ዕድሜው ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው ግማሹ ባርሲሳ ኢዶሳ ፊት ተንበርክኮ ያውቃል ይባላል። ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ከተማው ሌላ ስም አልሰጠውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሁለት ቡችሎች ያሸነፉት።

መጀመሪያ በረንዳው ላይ ካርቶን ተዘጋጀላቸው። ጠዋት ስነሳ ካርቶኑ ሳሎን ውስጥ ነበር። አባቴ ብርድ ነው አለ። በማግስቱ ካርቶኑ አልጋው አጠገብ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑ ባዶ ሆኖ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ በጎኑ ተጣብቆ ተኝቷል፤ መሀሉን እነሱ ይዘውታል።

ረቡዕ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ለቤት ለቤት ጸሎት የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጫማቸውን በረንዳ ላይ አውልቀው ይገባሉ። አንድ ረቡዕ ጸሎቱ አልቆ ሲወጡ የመዘምራኑ መሪ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ ነበራት። ሌላውን ጭኮ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ይዛው ተኝታ አገኘናት፤ ተረከዙ ነበር የቀረው። አባቴ እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቆ ሸኘና የቡና እንጨት ቆርጦ መጣ። እንጨቱን አነሳ። "ዲሲ" አላት፣ ተይ ማለቱ ነው፤ በዚያ ክፍል በሚያስደነግጠው ድምፁ። ጭኮ እንጨቱን አየችና ጫፉን በጥርሷ ይዛ ወደ ኋላ መጎተት ጀመረች። በሶም መጥቶ አገዛት። አባቴ እንጨቱን ከወዲያ ይዞ፣ እነሱ ከወዲህ እየጎተቱ ሲያጉረመርሙ፣ ሊቆጣ የከፈተው አፉ እንዴት እንደሚዘጋ ጠፋው። በመጨረሻ እንጨቱን ለቀቀላቸው።

ያን ጊዜ ባጃጁን በራችን ላይ አቁሞ የሚያየው ባቻ ነበር። ባቻ የአባቴ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚያደርሰኝ እሱ ነው።

"ባርሲሳ" አለው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "እኔን ደወል ከተደወለ በኋላ ስለደረስኩ ጠጠር ላይ አንበርክከውኛል። እነዚህ ጫማ በልተው ወተት ይጠጣሉ። እስቲ ጉልበቴን ላሳይዎት፣ ጠባሳው አለ።"

"አንተ ጅራት የለህም" አለው አባቴ። ባቻ ለሳምንት ያህል ይህንን ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

እኔም ከአባቴ አልተሻልኩም። ቢሮ ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት "ዲሲ" ማለትን ተለማምጃለሁ። ቤት ገብቼ ስለው ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው፣ አንገታቸውን ወደ አንድ ወገን አዘንብለው፣ ምን ዓይነት ጥሩ ነገር ልሰጣቸው እንደሆነ ይጠብቃሉ። ከዚያ እጄ በራሱ ወደ ዳቦው ይሄዳል።

ዘነበ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊያያቸው መጣ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ ጭኮ የሱሪውን ጫፍ ስትበላ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ቁም ነገር አደረገው። እናታቸውን እሱ እንዴት እንደገራት ነገረን፤ ትንሽ ውሻ ሲያድግ አስቸጋሪ የሚሆነው በልጅነቱ ስለተሳቀለት ነው አለ። ማታ ማታ ውጭ እንዲያድሩ ማድረግ እንዳለብን መከረን።

"ያለቅሳሉ" አለ አባቴ።

"ያልቅሱ እንጂ መምህር። ሲያለቅሱ አይክፈቱላቸው። አንዴ ከከፈቱላቸው ይለምዱታል።"

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሻዩ ከግማሽ በላይ ነበር። ተነስቶ ወደ ቤት ገባና ሳይመለስ ቀረ። ዘነበ ምን እንዳጠፋ ሊጠይቀኝ ወደ እኔ ዞረ፤ አባቴን ወገቡን እንደሚያመው ነገርኩት።

ወገቡን አልነበረም። ይህንን ቃል ቀደም ብሎ የተናገረው ራሱ አባቴ ነበር። የተናገረው ለእናቴ ነው፤ ስለ ወንድሜ ስለ ጂሩ።

ያን ጊዜ እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስለነበርኩ የሰማሁት ከእናቴ ነው። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ የብረት መወርወሪያ ነበረው። የቤታችን ደንብ የማታው ዜና በሬድዮ ሲጀምር መወርወሪያው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ውጭ ያድራል የሚል ነበር። ደንቡ ለማስፈራሪያ እንጂ ማንም ውጭ አድሮ አያውቅም። ጂሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅበት ክረምት ነበር። ኳስ ሊያይ ሄዶ አመሸ። ዝናብ ይጥል ነበር። ሲያንኳኳ እናቴ ልትከፍት ተነሳች፤ አባቴ አስቀመጣት። "አትክፈቺለት" አላት። "አንዴ ከከፈትሽለት ይለምደዋል።"

ጂሩ ጓደኛው ቤት አደረ። ጠዋት ቤት ሳይመለስ መናኸሪያ ሄዶ ወደ ኪራሙ ተሳፈረ፤ ወደ እናቴ ወንድም፣ ወደ አጎታችን የኋላሸት። ደውሎ ለእናቴ እህል እስኪገባ እዚያ እንደሚቆይ ነገራት። አባቴ ይቆይ፣ ሥራ ይልመድ አለ። ከዚያ የኪራሙ መንገድ ተዘጋ። ስልክም ተቋረጠ። በኋላ አጎቴ ቤተሰቡን ይዞ ተፈናቅሎ ነቀምት ሲደርስ ጂሩ አብሮት አልነበረም። ሰዉ ሲሸሽ ተበታትኗል፤ ጂሩ ወደ አባይ ማዶ ከተሻገሩት ጋር ሳይሆን አይቀርም አለ። እናቴ በዚያች "ሳይሆን አይቀርም" ላይ ጥቂት ጊዜ ኖረች። ስልክ ሲከፈት የጂሩን ቁጥር እየደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው የምትለውን ሴትዮ ታዳምጥ ነበር። ከዚያ ታመመች።

ከተቀበረች በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ አልቆ ድንኳኑ ሲነሳ፣ አባቴ ከጎረቤት የብረት መጋዝ ተውሶ መወርወሪያውን ቆረጠው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ዝጓል አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በራችን ማታ ማታ ከኋላው በድንጋይ ይደገፋል። ድንጋዩ ትንሽ ነው። ሰው በአንድ እጁ ቢገፋው ይከፈታል፤ እንዲከፈትም ነው የተመረጠው።

ቡችሎቹ ሲያድጉ ይህንን በር አወቁት። መጀመሪያ በሩ ሥር ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ፤ አባቴ ድንጋዩን ገፋ ያደርግላቸዋል። በኋላ እሱንም መጠበቅ ተዉ። በሶ በአፍንጫው ይገፋል፣ ጭኮ በክፍተቱ ትሾልካለች። አመሻሽ ላይ ወጥተው እስከ ዘነበ ሱቅ ሄደው እናታቸውን አሽትተው ይመለሳሉ። ስንወቅሳቸው በጀርባቸው ተገልብጠው ሆዳቸውን ያሳዩናል። አባቴ በሩን ገርበብ ብሎ ሲያገኘው ደስ እንደሚለው አውቅ ነበር። ሁለታችንም ስለዚህ ነገር አንነጋገርም።

በዚያ ዓመት የክረምት መግቢያ ላይ አንድ ያበደ ውሻ ሰፈር ውስጥ ገብቶ የባዩሽን ልጅ ነከሳት። ባዩሽ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ግቢ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ጉልት ቸርቻሪ ናት። ልጅቷ መርፌ እየወሰደች ዳነች፤ ውሻው ግን ሳይገኝ ሌሎች ውሾችን ነክሷል ተባለ። የእድሩ ሰው ተሰበሰበ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ብዙ ጫጫታ ነበር፤ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ይጯጯሃል። በመጨረሻ ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ የሚገኝ ውሻ በመርዝ ሥጋ ይወገድ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ፣ እንደተለመደው ሁሉም ዞሮ አባቴን አየ። አባቴ ተነሳ።

"ልጅ ከተነከሰ ክርክር የለም" አለ። "ደንብ ከወጣ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው። ውሻውን ሳይዘጋበት የሚያድር ሰው ነገ ማንንም እንዳይወቅስ።"

ሰዉ በጭንቅላቱ እሺ አለ። ባዩሽ እዚያው እንደተቀመጠች እጇን ዘርግታ መረቀችው። እኔ መወርወሪያ የሌለው በራችን ትዝ አለኝ። እሱም ሲቀመጥ ወደ እኔ አየት አደረገና ዓይኑን መለሰ።

ከስብሰባው አብረን ተመለስን። ቤት ደርሰን በሩን በድንጋይ ሲደግፍ አየሁት። ትልቅ ድንጋይ አልፈለገም። ያችኑ ትንሿን ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሰውየው የምለውን ለመስማት ማሽኑን ማጥፋት ነበረበት። መወርወሪያ እፈልጋለሁ አልኩት። ባቻ ሰውየውንና ማሽኑን በባጃጁ ይዞልኝ መጣ። አባቴ ገበያ ነበር። ሲመለስ ሥራው አልቆ ሰውየው ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። አባቴ ሰላም አለው፣ አካም ጂርቱ ተባባሉ፣ ስለ ቤተሰብ ተጠያየቁ። ከዚያ ወደ በሩ ሄዶ ጣቱን ብየዳው ላይ አሳረፈ። ትኩስ ነበር፤ እጁን ግን ቶሎ አላነሳም።

"ለውሾቹ ነው፣ አባ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

ያን ማታ ዜናው ሲጀምር መወርወሪያውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጭኮና በሶ ሰዓታቸውን ጠብቀው በሩ ጋ ሄዱ። በሶ ገፋ። አልተከፈተም። እንደገና ገፋና ዞሮ አየኝ። መቼም ውሻ አይናደድም፤ የተሳሳትኩ መስሎት ነበር የሚያየኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። ጭኮ በበሩ ሥር አንድ መዳፏን ወደ ውጭ አውጥታ እንደዚያው ተኝታ ታለቅስ ነበር። በረንዳው ላይ ቆሜ እጆቼን በክንዶቼ ሥር ቀበርኳቸው። ወደ በሩ ከሄድኩ እንደምከፍት አውቃለሁ። ሳሎን ውስጥ አባቴ ሬድዮውን ከፍ አደረገው። ዜና አንባቢው እስኪጮህ ድረስ ከፍ አደረገው።

እንዲህ እያልን ጥቂት ማታዎች አለፉ። ልቅሷቸው አጠረ። አንድ ማታ ጭራሽ ሳያለቅሱ ገብተው ተኙ። ባቻ ጠዋት ሲወስደኝ ይህንን ነገርኩት፤ "ባርሲሳን በመጨረሻ ተካሽው በይኛ" አለኝ። ፈገግ አልኩ። እውነት ለመናገር ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። አባቴ ግን ከስቶ ነበር። ዜናው ሲጀምር እጁ ሬድዮው ላይ ይሆናል፤ ዓይኑ ግን በመስኮቱ በሩን ነው የሚያየው።

ዝናቡ የመጣው ሐሙስ ለት አመሻሽ ላይ ነው። ነፋስ ቀላቅሎ መጣ። መወርወሪያውን ቀደም ብዬ አስገብቼ ወጥ ቤት እሳት ላይ ነበርኩ። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ የሬድዮውን ድምፅ ዋጠው። በዚያ መሀል የግቢው በር ተንኳኳ። ነፋሱ ነበር፤ አዲሱ መወርወሪያ ላላ ያለ ስለነበር ቆርቆሮውን ሲያወዛውዘው ልክ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚያንኳኳ ያንኳኳል። እኔም መጀመሪያ ሰው መስሎኝ ቀና ብያለሁ።

አባቴ ሬድዮውን ዘጋው። በወጥ ቤቱ በር ሲያልፍ አየሁት። ጃንጥላ አልያዘም፣ ኮቱንም አልደረበም። በካልሲ ነበር። ጭኮና በሶ ከፊቱ ሮጡ። "አባ፣ ነፋስ ነው" አልኩ። ድምፄ ከወጥ ቤቱ ደፍ አላለፈም። ደግሜ ልል ስችል አልደገምኩም፤ የሚሄድበትን ሁኔታ አይቼ እንዴት ብዬ ነፋስ ነው ልበለው?

መወርወሪያውን ሳበና በሩን እስከ ወዲያ ድረስ ከፈተው። ውሾቹ በእግሮቹ መሀል አልፈው ወጡ። አላያቸውም። ቀና ብሎ መንገዱን ላይና ታች አየ። ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ አንድ እጁ በሩን ይዟል፣ ሌላውን እጁን ሰው ሊቀበል እንደሚዘረጋ ትንሽ ወደ ፊት ዘርግቶታል። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ቀይ ጎርፍ ብቻ ይወርድ ነበር።

ከኋላው ደርሼ ስሞቻቸውን ጠራሁ። በዚያ ዝናብ የኔ ድምፅ ምን ያደርጋል። አባቴም ያን ጊዜ ነው መውጣታቸውን ያወቀው። "ኮቱ! ጭኮ፣ ኮቱ!" ብሎ ጮኸ፤ ኑ ማለቱ ነው። በሕይወቴ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ የሚጮኸው ሌላ ዓይነት ነው። ባቻ ስንደውልለት መጥቶ በባጃጁ መብራት ሰፈሩን ዞርን። በሶን ከዘነበ ሱቅ ደረጃ ሥር ተሸጉጦ አገኘነው። ጭኮ አልነበረችም።

ጎህ ሲቀድ አባቴ ብቻውን ወጣ። ያገኛት ከትንሿ ድልድይ አጠገብ ነው፤ ተሸክሟት ሲመጣ ገና ትተነፍስ ነበር። በኮቱ ጠቅልሏታል። ወተት አምጪ አለኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቷን ክንዱ ላይ አድርጎ ወተቱን በጣቱ በጥርሶቿ መሀል አስገባ። ወተቱ ተመልሶ ይወጣል። እንደገና ያስገባል። በኋላ እጁን ያዝኩት። ወተቱ በኮቱ ኪስ ጠርዝ ላይ ወርዶ ከዚያ ከጠመኔው ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

አቮካዶው ሥር ቀበርናት። በሶ ጉድጓዱን አሽትቶ ሄደና በረንዳው ላይ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ተኛ፤ ካርቶኑ ውስጥ በራሱ ፈቃድ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ መጣ። ወሬው ደርሶታል። በሩ ላይ ቆብ አውልቆ ቆመ፤ ለውሻ ምን እንደሚባል አያውቅም። በመጨረሻ "ያጽናዎት፣ መምህር" አለ፤ ብሎም አፈረ። አባቴ አመስግኖ ቦታ ለቀቀለት። ረጅም ጊዜ ሁለቱም አቮካዶውን ሲያዩ ቆዩ። እኔ በሶን አቅፌ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር።

"አንኳኩቶ ነበር እኮ" አለ አባቴ። ወሬ ከመሀል የቀጠለ ይመስል ነበር።

"ማን?" አለ ዘነበ።

"ጂሩ። ያን ማታ። ልጁ ድሮም በቀስታ ነበር የሚያንኳኳው፤ እንዳይቆጡት እንደሚፈራ ሰው። አሰገደች ተነሳች፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።"

ዘነበ ቆቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ይህን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከአባቴ አፍ ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም።

"እንዳልሰማሁት እንዲያስብ ሬድዮውን ከፍ አደረግሁት" አለ አባቴ። "እሷ ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለሎሚም አልነገረቻትም።"

አዎ፣ አልነገረችኝም ነበር። በሶ አንገቴ ሥር ራሱን ደብቆ ነበር። ፀጉሩ ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ።

ዘነበ ሲሄድ ቀኑ መምሸት ጀምሯል። ዝናቡ አባርቷል። "ልጄ፣ ወደ ቤት ግቢ" ሳይለኝ አባቴ ራሱ ተነስቶ ገባና ወፍራሙን ጋቢ ደርቦ፣ ዝቅተኛዋን በርጩማ በአንድ እጁ ይዞ ወጣ። በሩን ከፍቶ በርጩማዋን ከውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ መሬቱ ደረቅ ባለበት አስቀመጠ። በሶ ሊከተለው ሲል በእግሩ ወደ ውስጥ መለሰው። ጨክኖ አይደለም፤ ግን መለሰው።

"ሎሚ ኮ" አለኝ፣ ሎሚዬ ማለቱ ነው፣ "ከውስጥ ዝጊው።"

"አንተስ?"

"እኔ ውጭ ነኝ።"

ያልገባኝ መስሎት ትንሽ ቆመ። ገብቶኝ ነበር።

"ውሻው ውስጥ ይሁን" አለ። "የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ደጁ ላይ ሰው ያግኝ። ዝጊው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ስመጣ አንኳኳለሁ።"

በሩን ገፋሁት። ጋቢው፣ ከዚያ ግማሽ ፊቱ፣ ከዚያ በሩን ይዞ የነበረው እጁ ከቆርቆሮው ኋላ ሄዱ። መወርወሪያውን ሳስገባ የሚያሰማው ድምፅ ትልቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ እንደሚጮህ አላስተዋልኩም። በሶ ወዲያው ማልቀስ ጀመረ። በበሩ ሥር አፍንጫውን አስገብቶ የአባቴን እግር እየፈለገ ያለቅስ ነበር። ጭኮ መዳፏን የምታወጣበት ቦታ ነው።

"ዲሲ፣ በሶ" ሲል ሰማሁት ከውጭ። በዝግታ። "አለሁ።"

ሳሎን ውስጥ ሬድዮው ለባዶ ወንበር ዜናውን ጀመረ። ገብቼ አልዘጋሁትም። ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩና በሶን ጭኔ ላይ አደረግሁት። መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። አንዱ "ባርሲሳ፣ ነጋ ነው?" ብሎ ቆመ፤ ሰላም ነው ወይ፣ ምነው ውጭ ተቀመጡ ማለቱ ነበር። አባቴ አየር እየተቀበልኩ ነው አለው። ባቻም አለፈ፤ ባጃጁን ሲያቀዘቅዝ ሰማሁት፤ ምንም ሳይቀልድ ሄደ። ብርድ መጣ። ሁለት ጊዜ እጄ ወደ መወርወሪያው ሄዶ ሁለት ጊዜ መለስኩት። በሶ ሲደክመው ዝም አለ፤ ጆሮው ብቻ ወደ በሩ ቀና ብሎ ቀረ።

ዜናው አልቆ የአየር ሁኔታው ሲነገር ቆርቆሮው ተንኳኳ። በቀስታ፣ እንዳይቆጡት እንደሚፈራ ሰው።

እጄ መወርወሪያው ላይ ነበር።